«ለቁራሌው ልስጠው?» የድሮ ፕላስቲክ ሞዴል መኪና ጉድለቱና ብልጫው እንዴት ይለያል

ባለፈው በጋ አቃቂ ያለው ቤታችን ደጃፍ ላይ አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት ቆሙ። ከኋላቸው አንድ ልጅ ካርቶን ተሸክሟል። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት ሞልቶ ነበርና ቤቱን ሲያራግፉ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ የወረደ ካርቶን ነው። ሟቹ ዕድሜያቸውን በሹፌርነት የጨረሱ ሰው ነበሩ። አብረዋቸው የሠሩ የውጭ አገር ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተዉላቸው ሦስት የሞዴል መኪና ሳጥኖች ውስጡ ተደርድረዋል።

«ልጄ፣ አንተ የፕላስቲክ ሰው ነህ» አሉኝ። «ይሄ ነገር ይረባል ወይስ ለቁራሌው ልስጠው?»

«ኧረ እትዬ፣ መጀመሪያ ልየው» ብዬ ካርቶኑን ተቀበልኩ።

የፕላስቲክ ሰው ያሉኝ ቃሊቲ ወንበርና ሳፋ በሚያመርት ፋብሪካ የሞልድ፣ ማለትም ፕላስቲኩ ቅርጽ የሚይዝበት ብረት፣ ጥገና ላይ ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ሞዴል መኪና እገጣጥማለሁ። እሳቸው የጠየቁኝን ሌሎችም ይጠይቁኛል። አንዱ ከዘመድ የተላከለት ነው፣ ሌላው ከሰልባጅ መሃል ያገኘው ነው፣ ሌላው ከአባቱ የወረሰው ነው። ሁሉም ሳጥኑን ከፍተው መጀመሪያ የሚያዩት አቧራውን፣ የበለዘውን ወረቀትና የተጣመመውን ጎማ ነው። ከዚያም ዕቃው አይረባም ይላሉ። ወይም ሳጥኑ ሳይከፈት ላስቲኩ ያብረቀርቅና ሀብት ያገኙ ይመስላቸዋል። ሁለቱም ፍርድ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው።

ለማያውቀው ሰው፣ ኪት ማለት በክፍልፋይ ተሠርቶ በሳጥን የሚሸጥ፣ ገዢው ራሱ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ በሙጫ አጣብቆና ቀለም ቀብቶ የሚገጣጥመው ትንሽ መኪና ነው። ክፍሎቹ በወይን ዘለላ አምሳል ከአንድ የፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተንጠልጥለው ይመጣሉ። መጫወቻ አይደለም። የእውነተኛውን መኪና ልክ በቁጥር አሳንሶ ለመያዝ የሚሞክር ሥራ ነው፤ ጉድለቱም ብልጫውም የሚለካው ከዚያ ሙከራ አንጻር ነው።

እኔ የድሮ ኪት ስመዝን አንድ ጥያቄ ከሁሉም አስቀድማለሁ፤ ይህ እንከን መቼ ተፈጠረ? ሞልዱ ሲቀረጽ ነው? ፕላስቲኩ ከማሽኑ በወጣባት ቀን ነው? ወይስ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በሙቀት፣ በእርጥበትና በሰው እጅ ነው? ሦስቱን ያልለየ ሰው በቀላሉ የሚታረመውን ይጥልና የማይታረመውን ያስቀምጣል።

ከማሽኑ እንጀምር። የኪቱ ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ይባላል። የቢክ እስክሪብቶ ብርጭቆ መሳዩ ዘንግና የሲዲ ሽፋን ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ጥሬው እንደ ምስር የደቀቀ ጠጠር ነው። ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሙቀት ላይ ይቀልጥና በከፍተኛ ግፊት ወደ ተዘጋ የብረት ሞልድ ይገባል። ሞልዱ በውሃ ይቀዘቅዛል፣ ለሁለት ይከፈታል፣ ከኋላ ያሉ የብረት ፒኖች ዕቃውን ገፍተው ይጥሉታል። እዚህ አገር ያለውን የፕላስቲክ ወንበር ገልብጣችሁ መቀመጫውን ከስር እዩት፤ መሃሉ ላይ ጠባሳ የመሰለች ክብ ነጥብ አለች። ፕላስቲኩ የገባባት በር ናት። ሞዴል መኪናም እንዲህ ዓይነት እትብት አለው፤ ጥሩ ሞልድ ሠሪ ግን ከማይታይ ቦታ ይደብቀዋል።

የድሮዎቹን ሞልዶች የቀረጸው ኮምፒዩተር አልነበረም። ባለሙያ መኪናውን ከሚፈለገው መጠን አተልቆ በእንጨት ይቀርጻል፤ ከዚያ ፓንቶግራፍ የሚባል ባለ ክንድ መሣሪያ የእንጨቱን ገጽ እየተከተለ በትንሹ ብረት ላይ ይፈለፍላል። የኪቱ መልክ እንግዲህ የዚያ ሰው ዓይን ነው። የጣሪያውን ጉብታ አሳንሶ ካየው፣ ከዚያ ሞልድ የሚወጣው መኪና ሁሉ እስከ መጨረሻው ጣሪያው ዝቅ ያለ ይሆናል። የመጀመሪያው ዓይነት ጉድለት ይህ ነው፣ ከሦስቱም ከባዱ ይህ ነው። ባትላሜራ ሆኖ የሠራ ሰው በደንብ ይረዳኛል፤ የተጎዳ ፓራፋንጎ ይቃናል፣ አጥንቱ ሲሠራ የተዛባ መኪናን ግን በስቱኮ አታድነውም።

ታዲያ መልኩ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? «ዓይኔ አልወደደውም» በቂ አይደለም። ማስመሪያ ያስፈልጋል።

ቮልስን እንውሰድ፤ አዲስ አበባ ዛሬም በመንገድ ላይ ስለምናገኘው ለመለካት ይመቻል። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 2 ሜትር ከ40 ነው። በ1/24 ልኬት፣ ማለትም እውነተኛው ለ24 ሲካፈል፣ ይህ በትክክል 100 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ1/25 ደግሞ 96፣ በ1/32 75 ሚሊ ሜትር። እነዚህ ሦስቱ በድሮ የመኪና ኪቶች ላይ በብዛት የሚገኙ ልኬቶች ናቸው። አሜሪካኖቹ 1/25ን ይወዳሉ፣ ጃፓኖችና አውሮፓውያን በብዛት 1/24ን፣ የእንግሊዙ ኤርፊክስ ደግሞ ትንንሾቹን መኪኖች በ1/32 ሠርቷል። ድሮ ታክሲ የነበረችው ሴይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600፣ በጎማዎቿ መሃል ድፍን 2 ሜትር ናት፤ በ1/24 ከ83 ሚሊ ሜትር ትንሽ ትበልጣለች። የላዳ እናት የሆነችው ፊያት 124 ደግሞ 2 ሜትር ከ42 ገደማ ስለሆነች 101 ሚሊ ሜትር ትወጣለች። የቮልስ ሳጥን ላይ 1/24 ተጽፎ ሻንሲው ከጎማ መሃል እስከ ጎማ መሃል 96 ከለካ፣ ወይ ጽሑፉ ተሳስቷል ወይ መኪናው አጥሯል። ሁለቱን ለመለየት ስፋቱን ለኩ። ቮልስ 1 ሜትር ከ54 ይሰፋል፤ በ1/24 64 ሚሊ፣ በ1/25 ከ61 ሚሊ ትንሽ በላይ ነው። ርዝመቱም ስፋቱም በእኩል ካነሰ መኪናው በሌላ ልኬት የተሠራ እንጂ የተዛባ አይደለም። አንዱ አንሶ ሌላው ካላነሰ ግን መልኩ ተበላሽቷል።

ስንት ስህተት ይፈቀዳል? ፖሊስታይሪን ሲቀዘቅዝ 0.5 በመቶ ያህል ይሸማቀቃል። ሞልድ ሠሪው ይህን አስቀድሞ ያሰላል፤ ቢሆንም ግማሽ ሚሊ ሜትር ወዲያና ወዲህ ቢል አልቆጣም። በ1/24 አንድ ሚሊ ሜትር የእውነተኛው መኪና 2.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ጎማዎቹ መሃል ላይ 2.4 ሳንቲ ሜትር ማንም አያየውም። ጣሪያው ላይ ግን ሁለት ሚሊ ከወረደ መኪናው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አጠረ ማለት ነውና ፓራብሬዛው ይጠብባል፣ መኪናው የጨፈገገ ፊት ይይዛል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አትዩ፤ ስህተቱ የተቀመጠበትን ቦታ እዩ። ሰው መኪናን የሚለየው በፊቱ ነው፤ በመብራቶቹ ርቀት፣ በኮፈኑ ቁልቁለት፣ በመስኮቱና በበሩ ድርሻ። እነዚህ ልክ ከሆኑ ሌላው ይቅር ይባላል።

በፎቶ ማወዳደር የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። በስልክ ተጠግታችሁ ያነሳችሁት መኪና አፍንጫው ያብጣል፣ ኋላው ይቀጥናል። ከዚህ ፎቶ ጋር አስተያይታችሁ ኪቱን አትውቀሱ። ከመኪናው 10 ሜትር ራቁና አቅርባችሁ አንሱ፤ ሞዴሉን ደግሞ ከ42 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። 10 ሜትር ለ24 ሲካፈል ያ ነው። ያኔ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ንጽጽሩ ፍትሐዊ ይሆናል። እኔ ጎሮ ከአንድ ጋራዥ በር ላይ የቆመ ቮልስ አግኝቼ ባለቤቱን አስፈቅጄ እንዲህ አድርጌ አንስቻለሁ፤ እስከ ዛሬ የምለካው በእሱ ነው።

ሌላም ከሞልዱ የሚወለድ ነገር አለ፤ ውፍረት። የእውነተኛ መኪና ላሜራ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በ1/24 ስናሳንሰው ከወረቀት የሳሳ ይሆናል። ፕላስቲክ እንዲህ ሊሳሳ አይችልምና የኪቱ ግድግዳ አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ነው። ወደ እውነተኛው ስንመልሰው 2.4 ሳንቲ ሜትር የወፈረ ላሜራ! ይህ የሁሉም ኪት ዕዳ ስለሆነ ጉድለት ብዬ አልቆጥረውም። ጥሩ ሞልድ ሠሪ ግን የመስኮቱንና የጎማውን ቅስት ጠርዝ ከውስጥ በኩል አሳስቶ ዓይንን ያታልላል። ጣታችሁን በጠርዙ ላይ አሂዱት፤ የተጨነቀበትና ያልተጨነቀበት ወዲያው ይለያል።

አሁን ወደ ብልጫው። አዲስ የሚወጡት ኪቶች በኮምፒዩተር ይነደፋሉ፣ ክፍሎቻቸው ጠቅ ብለው ይገጥማሉ፣ እውነት ነው። የድሮዎቹ ግን አዲሶቹ የማይችሉት አንድ ነገር አላቸው፤ መኪናው አዲስ ሆኖ ሳለ የተለካ መሆናቸው። የአሜሪካው ኤኤምቲ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲመሠረት ሥራው ለመኪና ሻጮች የማስታወቂያ ሞዴል መሥራት ነበር። የመኪና ፋብሪካዎቹ ሥዕል ራሱ በእጁ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 እነዚያን አካላት ገዢው ራሱ በሚገጣጥመው ኪት አወጣቸው፤ ከአንድ ሳጥን እንደ ፋብሪካው፣ እንደ ማሻሻያ ወይም እንደ እሽቅድምድም መኪና፣ ሦስት ዓይነት አድርጎ መሥራት ይቻል ነበር። ከዚያ በኋላ የዓመቱ መኪና በወጣ ቁጥር የዓመቱ ኪት ይወጣ ጀመር። ዛሬ ብዙዎቹ እውነተኛ መኪኖች ዝገት በልቷቸው ጠፍተዋል። ለአንዳንዱ ሞዴል ያ ኪት ከቀሩት ጥሩ ምስክሮች አንዱ ነው። ፓራውልቱ ላይ ያለችው መስመር፣ በኋላ ክንፍ ላይ ጎልታ የተጻፈችው ስም፣ ሁሉም በዘመኑ ሰው እጅ የተቀረጹ ናቸው። እኔን የድሮ ኪት ላይ ያሰረኝ ይህ ነው፣ ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

ብልጫው ግን ከላይ እስከ ታች አንድ አይደለም። የእነዚያኑ የዓመት ኪቶች ገልብጣችሁ ሻንሲያቸውን እዩ። ማርሚታው ከወለሉ ጋር አብሮ የተቀረጸ ነው፣ ባሌስትራው ከስር እንደ ጥላ ብቻ ይታያል፣ ጎማዎቹን የሚይዘው የብረት ዘንግ ሞተሩን በስቶ ያልፋል። አካሉ በየዓመቱ ሲቀረጽ ከስር ያለው ግን ከዓመት ዓመት ይተላለፍ ነበር። ጥሩ አካልና ደካማ ሻንሲ በአንድ ሳጥን መገኘታቸው የዘመኑ ባሕርይ ነው። ተቃራኒውም አለ። ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ሬቬል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሮቻቸው፣ ኮፈናቸውና ኋላቸው የሚከፈቱ ሸቭሮሌዎች አውጥቷል። ምኞቱ ትልቅ ነበር፣ ዝርዝሩም ብዙ፤ በሩን ዘግቶ ክፍተቱን እኩል ማድረግ ግን የሰው ትዕግሥት ይፈትናል። ጃፓኖች ደግሞ ብዙ ኪቶቻቸውን በባትሪ የሚሄዱ አድርገው ሠርተዋል። የነዚህ ኮፈን ሲከፈት ሞተር የለም፣ ሻንሲው ላይ የባትሪ ክዳን አለ። ይህ ጉድለት ነው? መደርደሪያ ላይ ለሚያስቀምጠው አይደለም። ሞተር ሠርቶ ማሳየት ለሚፈልገው ነው። የጃፓኑ ታሚያ ግን እ.ኤ.አ. በ1976 በ1/12 ላወጣው ፖርሽ 934 ዝግጅት እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝቶ እስከ መጨረሻው ፈታው። ኪት ለመሥራት መኪና መፍታት! ይህን ስሰማ ለሙያው ያለኝ ክብር ጨመረ።

ሳጥኑ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት ብዙ ሰው ያሳስታል። ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሳጥኑ ሥዕል የታተመበት ነው። ሞልዱ ከዚያ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊቀድም ይችላል። ብረት ሞልድ ውድ ነውና አይጣልም፤ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ ይሸጣል፣ በአዲስ ስም በአዲስ ሳጥን ይወጣል። ኤኤምቲ እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዙ ሌስኒ፣ ማለትም በማችቦክስ መጫወቻ መኪኖች ባለቤት ተገዛ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ ወደ አሜሪካው ኤርትል ሄደ። የቀድሞ ተቀናቃኞቹ ሬቬልና ሞኖግራምም በ1980ዎቹ አንድ ቤት ገቡ። ስለዚህ በሁለት የተለያዩ ሳጥኖች ውስጥ አንድ ዓይነት መኪና ቢገኝ አይግረማችሁ። ይባስ ብሎ፣ አንዳንዱ ሞልድ እንደገና ይቆረጣል። የዓመቱ መኪና ኪት ሽያጩ ሲያበቃ ሞልዱን ለሚቀጥለው ዓመት መልክ ወይም ለእሽቅድምድም መኪና ለውጠውታል፤ ብረት አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም። አንዳንድ የድሮ ኪት ዋጋው የሚሰቀለው በዚህ ምክንያት ነው፣ ከሞልዱ ዳግም ሊታተም፣ ማለትም ሊወጣ፣ ስለማይችል።

እዚህ ላይ አንድ አቋሜን ልናገር። ብርቅ መሆንና ጥሩ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መልኩ የተበላሸ ኪት ብርቅ ቢሆን መልኩ አይቃናም። በገበያ ሞልቶ የተረፈ ኪትም ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለመሸጥ የምትመዝኑና ለመሥራት የምትመዝኑ ሰዎች አንድ ሚዛን አትጠቀሙ።

ሁለተኛው ዓይነት እንከን ከማሽኑ በወጣባት ቀን የሚፈጠረው ነው፤ እኔ የዕለት እንጀራዬ ስለነበር ቶሎ አየዋለሁ። ሞልዱ ሲያረጅ ሁለቱ ፊቶቹ በደንብ አይገጥሙም። ፕላስቲኩ በስንጥቁ ይሾልክና ከክፍሉ ጠርዝ ላይ ስስ ቆዳ ይሠራል፣ ከዳቦ መጋገሪያ አፍ ፈሶ እንደ ደረቀ ሊጥ። ፍላሽ ይባላል። መጥፎ ያስመስለዋል እንጂ በምላጭ በደቂቃ ይነሳል። ዋናው ጥቅሙ መረጃ መስጠቱ ነው፤ ፍላሽ የበዛበት ኪት ሞልዱ ከደከመ በኋላ የታተመ ነው፣ የጎሉት ፊደላትም ደብዘዝ ብለው ታገኟቸዋላችሁ። ሁለተኛው ስርጉድ ነው። የቀለጠ ሻማ ጣሳ ውስጥ ሲረጋ መሃሉ እንደሚሰረጉድ፣ ወፍራም ፕላስቲክም ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይሸማቀቅና ገጹን ይስባል። ኮፈኑን ወይም በሩን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ እዩ፤ ጥላው ካልተቀጠፈ ደህና ነው። ስርጉዱን በስስ ስቱኮ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ይቻላል፣ የተቀረጸ ዝርዝር መሃል ከወደቀ ግን አድካሚ ነው። ሦስተኛው የሞልዱ ስፌት ነው፣ ሁለቱ ፊቶች የተገናኙበት መስመር። አካሉ በአንድ ወጥ የወጣ ከሆነ ስፌቱ ከፊት ፓራፋንጎ እስከ ኋላ ይሄዳል። ይህ በሁሉም ላይ አለ። መሞረድ ነው። ገፊ ፒኖቹ የተዉት ክብ ምልክት ከስር ወይም ከውስጥ ከሆነ ተዉት፤ መቀመጫው ላይ ከሆነ ይደፈናል። እውነተኛው ክፉ ያልሞላ ክፍል ነው፤ ፕላስቲኩ ጫፍ ሳይደርስ ቀዝቅዞ ስፖኪዮው ወይም የበር እጀታው ግማሽ ሆኖ ይወጣል። እሱን ራስህ መቅረጽ አለብህ።

ሦስተኛው የዕድሜ ነው፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠውም በዚህ ነው። በብዛት የሚታረመውም ይኸው ነው።

ጎማዎቹን አስቀድሙ። የድሮ ኪት ጎማ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ በባሕርዩ ደረቅ ስለሆነ እንዲለሰልስ ዘይት መሰል ኬሚካል ይጨመርበታል። ይህ ኬሚካል ውስጡ አይታሰርም። ቅቤ የተጠቀለለበት ወረቀት እንደሚርሰው፣ ከጎማው ቀስ እያለ ወደ ነካው ፕላስቲክ ይሻገራል። ፖሊስታይሪን ደግሞ ሲነካው ይለሰልሳል። ዓመታት ሲያልፉ ጎማው ቸርኬውን ይበላዋል፣ መስኮት ላይ ተጋድሞ ከሆነ ደግሞ መስኮቱ ላይ የጎማ ጥርስ ታትሞ ታገኙታላችሁ። የቀለጠ ቸርኬ አይመለስም፤ መስታወት ላይ ያለው ጥልቀቱ ትንሽ ከሆነ ይወለወላል። ሳጥን ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታደርጉት ሥራ ጎማዎቹን አውጥቶ ለብቻ በወረቀት መጠቅለል ይሁን።

መጣመም ቀጥሎ ይመጣል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ስር ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የከረመ፣ ከላዩ ሌላ ካርቶን የተጫነበት አካል ይጣመማል። ፖሊስታይሪን የሚለሰልሰው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ አካባቢ ስለሆነች ውሃችን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ይህ ለእኛ በጎ ነው፤ ከእሳት የወረደ ውሃ ውስጥ ክፍሉን ጥቂት ሰከንድ ነክሮ በጣት ቀስ አድርጎ ማቅናት፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር። አንድ ጊዜ አይበቃም፣ አምስትና ስድስት ጊዜ። ምድጃ ላይ ካለ ድስት ውስጥ ግን አትተዉት። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1960 አካባቢ በፊት የወጡ የአሜሪካ የማስታወቂያ ሞዴሎች ብዙዎቹ ከአሲቴት የተሠሩ ናቸው። አሲቴት ከዓመት ዓመት ራሱን እየሳበ ይሸማቀቃል፣ ያለ ሙቀትም ይጣመማል። ያንን በሙቅ ውሃ አትድከሙበት።

ዲካል፣ ማለትም በውሃ ነክሮ የሚለጠፈው ሥዕልና ቁጥር፣ ወደ ቢጫ ይለወጣል። በላስቲክ ከረጢት ከትታችሁ ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት ለጥፉት። የእኛ የበጋ ፀሐይ በሳምንት ውስጥ ብዙውን ቢጫ ያነጣዋል። ክረምት እርጥበት ይዞት ሻጋታ ካበቀለ ግን ሙጫው ስለተበላ ተስፋው ትንሽ ነው። ከመጠቀማችሁ በፊት የማትፈልጉትን አንዱን ውሃ ውስጥ ሞክሩ፤ ከተሰባበረ የቀሩትን በግልጽ ቫርኒሽ ሸፍናችሁ ስታደርቁ አንድ ላይ ይያዛሉ።

ኒኬል መሳዩ ፓራውልትና ቸርኬ ላይ ያለው ብልጭታ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ በትነት የተለጠፈ ስስ አሉሚኒየም ነው። ሲላጥ ወይም ሲቆሽሽ ለመጣል አትቸኩሉ። በየሱቁ ያለው በረኪና ውስጥ ብትነክሩት አሉሚኒየሙ ይሟሟል፣ ፕላስቲኩ ምንም አይሆንም። ከዚያ በአዲስ ብልጭ ቀለም ይቀባል። ከበረኪናው ሌላ ምንም አትቀላቅሉ፣ መስኮት ክፈቱ።

የተገጣጠመና የተቀባ ኪት ብዙዎች «አልቆለታል» የሚሉት ነው። አላለቀለትም። የድሮ ሙጫ ይደርቅና ይሰባበራል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ካደረ በኋላ መገጣጠሚያው በምላጭ ጫፍ ሲነካ የሚለቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀለሙ ዘይት ነክ ከሆነ ፍሬን ዘይት ውስጥ ሲያድር ይነሳል፤ ጓንት ልበሱ፣ ከልጆች አርቁ፣ መጀመሪያ በፍሬሙ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። የዱኮ ቲነርና ቤንዚን ግን በፍጹም! ይህን የምለው ስለ ደረሰብኝ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የአንድ ፔጆ አካል ቀለም ላነሳ ቲነር ባለበት ጣሳ ውስጥ ከተትኩት፤ ለሻይ ወጥቼ ስመለስ ኮፈኑ እንደ ማስቲካ ተለጥጦ ነበር። ያ ኪት ሌላ አላገኘሁለትም፣ ዛሬም ይቆጨኛል። ቀይ ፕላስቲክም ልብ በሉ፤ ነጭ ቀለም ስትቀቡት ቀዩ እያለፈ ሮዝ ያደርገዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የብር ቀለም ይደረብበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ሦስቱ ሳጥኖች ተመለስኩ። ያልተከፈተው የአሜሪካ መኪና ነበር፤ እትዬ ተስፋ ያደረጉት በእሱ ነው። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ላስቲኩን ፈታሁት። ፍላሹ ከጠርዝ ጠርዝ ነው፣ ፊደላቱ ደብዝዘዋል፣ የኋላ ክንፉ ላይ ስርጉድ አለ፣ ጎማዎቹም ሁለት ቸርኬ በልተዋል። ከደከመ ሞልድ ዘግይቶ የታተመ መሆኑ ግልጽ ነው። የሚሠራ ሰው ካገኘ ይሠራዋል፣ ሀብት ግን አይደለም አልኳቸው። ሁለተኛው ሟቹ ራሳቸው ገጣጥመው በብሩሽ ቀለም የቀቡት ላንድሮቨር ነው። እሱን አልነካውም አልኳቸው፤ የብሩሹ መስመር የእሳቸው እጅ ነው።

ሦስተኛው ክዳኑ የተቀደደ፣ ክፍሎቹ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ቮልስ ነበር። ሻንሲውን ለካሁት፤ 100 ሚሊ ሜትር። ስፋቱ 64። ጣሪያውን ከጎሮው ፎቶዬ ጋር አስተያየሁት፤ ጉብታው ልክ ነው። የመስኮቶቹ ጠርዝ ከውስጥ ተሳስቷል። ሞተሩ አራቱም ሲሊንደር በየቦታው ተቀርጿል፣ የማቀዝቀዣው ነፋስ ማስተላለፊያ እንኳ አልቀረም። ጉድለቱ ሁሉ የዕድሜ ነው፤ ወለሉ ትንሽ ተጣሟል፣ ዲካሉ ቢጫ ሆኗል፣ ፓራውልቶቹ ተልጠዋል። ሁሉንም የሚያርም ነገር ከቤቴ አለ። የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሞተሩን የሚሸፍነው የኋላ ክዳን።

«እትዬ፣ ከሦስቱ በአሠራሩ የሚበልጠው ይሄ ነው» አልኳቸው። «ክዳኑ ግን የለም። ጊዜ ከሰጡኝ ቀርጬ እሠራለታለሁ።»

ሞተሩን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ይቅር ልጄ» አሉኝ። «የእሱም ቮልስ ሙቀት ይበዛበታል እያለ ኋላውን ከፍቶ ነበር የሚነዳው።»